ልጃችን ምን ይማር?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የተላለፈ ንግግር ነው። በርካታ አድማጮች በጽሑፍ እንዲወጣላቸው በጠየቁት መሠረት እነሆ ለአንባቢያን አቅርበነዋል።)

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም።

ምስጋና ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና የእርሳቸውን ፈለግ በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



ለዛሬው ንግግራችን መነሻ የሆነን ከሐዲያ ዞን፣ ከሻሾጎ ወረዳ፣ ከቦኖሻ ከተማ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊው የልጆች አባት ናቸው። በርበሬና በቆሎ ያመርታሉ፤ ሁለት በሬ አሏቸው። ስማቸውን አንጠራም። ጉዳያቸው ግን የብዙዎቻችን ቤት ጉዳይ ስለሆነ በእርሳቸው ፈቃድ ለሁላችንም እናነሳዋለን።

የደብዳቤው ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው በማኔጅመንት በዲግሪ ተመርቆ ቤት ከተቀመጠ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የመጀመሪያውን ዓመት እያጠናቀቀ ነው፤ በቅርቡ የሚማርበትን ክፍል ይመርጣል። ሦስተኛዋ ሴት ልጃቸው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወስዳ የማለፊያውን ነጥብ አላመጣችም። ደቡብ አፍሪካ የሚኖር አንድ ዘመድ ደግሞ በየሳምንቱ እየደወለ፣ «ሁለተኛውን ላኩልኝ፤ ታላቁን ዲግሪው የት አደረሰው?» ይላል። ለመንገዱ የሚከፈለው ገንዘብ ሁለቱ በሬዎች ተሸጠው፣ መሬቱም ለሌላ ሰው ተከራይቶ ነው የሚሞላው።

አባትየው ሲጨርሱ እንዲህ ብለው ይጠይቃሉ፦ «ሥራ የሚያስገኘው የትኛው ትምህርት ነው? ንገሩኝና ልጁን እሱን ላስመርጠው። የለም ካላችሁ ግን በሬዎቹን ልሽጥ።»

ወንድማችን፣ ጥያቄዎን የምናከብረው ነው። አባት ለልጁ እንጀራ መጨነቁ ዱንያን መውደድ አይደለም፤ የተጣለበትን አማና መወጣቱ ነው። ስለዚህ ወደ መልሱ እንግባ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። አንዳንዶቻችን ይህ ጥያቄ ሲነሳ «ሪዝቅ በአላህ እጅ ነው፤ ምን አስጨነቃችሁ?» እንላለን። ሪዝቅ በአላህ እጅ መሆኑ የእምነታችን መሠረት ነው። ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) ሪዝቅን የሚሰጠው ሰበብ በሚያደርስ ሰው በኩል መሆኑን ደጋግሞ አሳይቶናል። በሱረቱ መርየም የመርየምን (ዐ.ሰ) ታሪክ እናስታውስ። በምጥ ላይ ያለች፣ የደከመች፣ ብቻዋን የሆነች ሴት ናት። አላህ ቴምሩን ያለ ምንም ድካሟ ሊያወርድላት ይችል ነበር። እርሷ ግን የዘንባባውን ግንድ ወደ ራሷ እንድትወዘውዝ ታዘዘች። በምጥ የተያዘች ሴት የዘንባባ ግንድ ወዝውዛ ፍሬ ለማውረድ ምን ያህል አቅም አላት? ፍሬውን ያወረደው አላህ ነው፤ እጇን ማንሳት ግን ከእርሷ ተፈለገ። እንግዲህ ስለ ትምህርት ምርጫ መጠየቅ፣ ማጣራትና መመካከር ግንዱን መወዝወዝ ነው።

ውድ አድማጮች፣ ቀጥሎ ወላጆች ልናውቀው የሚገባ ለውጥ አለ። የእኛ ትውልድ «ተማር ልጄ፣ ከዚያ መንግሥት ያስቀምጥሃል» እየተባለ ያደገ ነው። ይህ አባባል በጊዜው ውሸት አልነበረም። በደርግ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሁሉ በመንግሥት ምደባ ሥራ ይዞ ነበር። የሚመረቀውም ጥቂት ነበር። ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ለሐዲያ ሕዝብ እንኳን ሆሳዕና ላይ ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶ ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ ተማሪ ተቀብሏል። ይህ ትልቅ ኒዕማ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ሆኖም ዲግሪ የያዘው ሰው ሲበዛ ዲግሪው ብቻውን በር መክፈቱ ቀርቷል።

ከዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። ከ2001 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ መንግሥት ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲገባ የሚል መመሪያ ሥራ ላይ አዋለ። በዚያ ጊዜ ግንባታው ደርቶ ነበርና መሐንዲስ ይፈለግ ነበር። ብዙ ወላጅም «ልጄ ኢንጂነር ነው» ማለትን ወደደ። ከዓመታት በኋላ ግንባታው ሲቀዘቅዝ ሲቪል ምሕንድስና የተማረው ወጣት ቁጥር ከሥራው በልጦ ተገኘ። ሕክምናም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ትናንት «ዶክተር ሥራ አጥቶ አያውቅም» ስንል ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን መንግሥት የሚቀጥርበት በጀት አነሰና ተመርቀው ምደባ የሚጠባበቁ ሐኪሞችን አየን። ሐኪም የሚፈልገው በሽተኛ አላነሰም፤ ያነሰው ደመወዝ የሚከፍለው ነው። ይህን ልዩነት በልባችን እንያዘው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

ታዲያ ለወንድማችን «የሚያዋጣው ይህ ትምህርት ነው» ብለን የአንድ ክፍል ስም ብንነግራቸው እናታልላቸዋለን። ለምን? እርሳቸው የበርበሬ ገበሬ ናቸውና ከማናችንም በላይ ይገባቸዋል። ዘንድሮ በርበሬ ሲወደድ በሚቀጥለው ዓመት ሁሉም በርበሬ ይተክላል። ለገበያ በሚወጣበት ጊዜ ግን ከየአቅጣጫው ይጎርፍና ዋጋው ይወድቃል። አምና ያተረፈው ሰው ያተረፈው ሌላው ባልተከለበት ጊዜ ስለተከለ ነበር። በርበሬ በአንድ ዓመት ውስጥ ይደርሳል። ዲግሪ ግን አራትና አምስት ዓመት ይፈጃል። ልጅዎ ዛሬ ተወደደ የተባለውን ትምህርት ቢመርጥ፣ ገበያ የሚደርሰው ዋጋው ከተለወጠ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ «የትኛው ትምህርት ተወዷል?» የሚለውን ጥያቄ ትተን በአራት ጥያቄዎች እንተካው። ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው አንድ በአንድ ይጠይቁት።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ አላህ ለዚህ ልጅ ምን ሰጥቶታል?

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን በአንድ ሥራ ላይ አላሰለፏቸውም። ኢማም ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሙዓዝ ሐላልና ሐራምን በማወቅ፣ ኡበይ በቁርኣን አቀራር፣ ዘይድ በውርስ ዕውቀት ብልጫ እንዳላቸው ተናግረዋል። አዛንን የሚያምር ድምፅ ላለው ለቢላል ሰጡ። ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) ደግሞ ገና ወጣት ሳለ፣ ለደብዳቤ ልውውጥ የሚያስፈልግ የሌላ ሕዝብ ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ በግማሽ ወር ገደማ ቻለው። ለምን እርሱን መረጡ? ፈጣን አእምሮ እንዳለው አይተው ነው። ይህን ሥራ ለሌላ ቢሰጡት ኖሮ ሰውየውም ይደክም፣ ሥራውም ይጎዳ ነበር።

እኛስ? አንዳንድ አባት ልጁ በሒሳብ እየወደቀ «ኢንጂነሪንግ ካልገባህ ልጄ አይደለህም» ይላል። አንዳንዷ እናት ልጇ ደም አይታ እየተዝለፈለፈች ነርስነትን ትመርጥላታለች። ይህ በልጅ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። እግረ መንገዱንም ልጁን ለኪሳራ ይዳርጋል፤ ምክንያቱም ቀጣሪ ዛሬ የሚመርጠው በክፍሉ ውስጥ ጎበዝ የሆነውን ነው። «ተፈላጊ» በተባለ ክፍል ውስጥ ከመጨረሻዎቹ ከመሆን፣ ተራ በተባለ ክፍል ከፊተኞቹ መሆን ይሻላል።

የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት በ2012 ዓ.ም እንደገና ከተጀመረ ወዲህ ተማሪው ክፍል የሚመርጠው አንድ ዓመት ተምሮ ነው። የተመደበበትም የሚወሰነው በአመዛኙ በውጤቱ ነው። ስለዚህ የሁለተኛው ልጅዎ የመጀመሪያ ዓመት ውጤት የምርጫው ቁልፍ ነው። ለማጥናት ጊዜ እንዲኖረው በዚህ ወቅት ስለ ገንዘብና ስለ መንገድ የሚደወልለትን ስልክ ይቀንሱለት።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ሰው የጎደለው ምንድን ነው? ያንንስ ማን ይከፍልበታል?

በ505 ሂጅራ የሞቱት ታላቁ ዓሊም ኢማም አል ገዛሊ «ኢሕያእ ዑሉሚ ዲን» በተባለው ኪታባቸው ላይ ስለ ፈርድ ኪፋያ ሲያስተምሩ፣ ሕክምናም፣ ሒሳብም፣ እርሻም፣ ሽመናም፣ ስፌትም ማኅበረሰቡ ሊያጣቸው የማይገቡ ሙያዎች መሆናቸውን ያስረዳሉ። አንዳቸውን የሚሠራ ሰው ከአገሩ ከጠፋ ሁሉም ይጠየቃል። ከዚያም የዘመናቸውን ተማሪ ይወቅሳሉ፤ ሐኪም በሌለበት ከተማ ሰዉ ሁሉ ለክርክር ወደሚሆነው የፊቅህ ዘርፍ ይጋፋል፤ ምክንያቱም በዚያ በኩል ሹመትና ዝና ይገኛል ይላሉ። ይህ የተባለው ከዘጠኝ መቶ ዓመት በፊት ነው። የዛሬው የትምህርት ክፍል ግፊያም ከዚያ አይለይም።

እስቲ ቦኖሻን እንመልከት። ወባ ያለበት አገር ነው። ክረምት ሲገባ ጎርፍ ይመጣል፤ በበጋ ደግሞ ውኃ ያስፈልጋል። ከብት ይታመማል። በርበሬ በደንብ ሳይደርቅና ሳይለይ ይሸጥና ትርፉ ሌላ ዘንድ ይቀራል። የውኃ ፓምፕ ይበላሽና የሚጠግነው እስኪገኝ ወር ይሞላል። የሶላር መብራት ያለው ቤት በዝቷል፤ ሲቃጠል የሚያስተካክለው ጥቂት ነው። እነዚህ ሁሉ ጉድለቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ጉድለትም በአንድ ሙያ ይሞላል፤ በጤና፣ በመስኖ ምሕንድስና፣ በእንስሳት ሕክምና፣ በዕፅዋት ሳይንስ፣ በኤሌክትሪክ።

ነገር ግን ቅድም እንዳልነው ጉድለት መኖሩ ብቻ አይበቃም። ማን ይከፍላል የሚለውን እንጨምር። አንድ ሙያ ቀጣሪው መንግሥት ብቻ ከሆነ፣ የመንግሥት በጀት ሲጠብ ባለሙያው ይቀመጣል። ሦስት ከፋይ ያለው ሙያ ግን አንዱ ሲዘጋ በሌላው ይገባል። ለምሳሌ የእንስሳት ሐኪም በግብርና ጽሕፈት ቤት ሊቀጠር፣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ሊከፍት፣ ወይም በከብት ማደለቢያ ሊሠራ ይችላል። የሒሳብ ባለሙያ በመሥሪያ ቤት፣ በነጋዴ ዘንድ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ይሠራል። ልጅዎ ለሚያስበው ለእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ከፋዮችን መቁጠር ይችላል? ካልቻለ ደግሞ ያስብበት።

ይህን ለማጣራት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ሆሳዕና ሲሄድ በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ያለውን የማስታወቂያ ሰሌዳ ያንብብ። የአዲስ ዘመንንና የሪፖርተርን የክፍት ሥራ ማስታወቂያ ለአንድ ወር ይከታተል። በወረቀት ላይ ይመዝግብ፤ የትኛው ሙያ ስንት ጊዜ ተጠራ? ከእነርሱስ ውስጥ «የሥራ ልምድ፣ ዜሮ ዓመት» የሚሉት ስንት ናቸው? ምክንያቱም ለአዲስ ተመራቂ የሚሆኑት እነርሱ ናቸው። ከዚያ ሦስት ሰው ያናግር፤ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ሙያ የተመረቀ፣ በሙያው ለዓመታት የሠራና ሠራተኛ የሚቀጥር ሰው። ይህ አንድ ወር የሚፈጅ ሥራ ነው። በአራት ዓመት ላይ ለሚወስን ሰው አንድ ወር ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ በመንገዱ ላይ ስንት ኬላ አለ?

ብዙ ቤተሰብ ልጁ ኮሌጅ ከገባ የተመረቀ ይመስለዋል። አሁን እንዲያ አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም የዲግሪ ትምህርቶች የመውጫ ፈተና ተሰጥቷል። ማንኛውም የዲግሪ ተማሪ፣ በመንግሥትም በግልም ይማር፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ካላመጣ ዲግሪውን አያገኝም፤ እንደገና መፈተን አለበት። በዚያ የመጀመሪያ ፈተና ከተፈተኑት ያለፉት 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት የግል ኮሌጅ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። በሬ ሸጦ የሚከፍል አባት ግን ከመክፈሉ በፊት «ከእናንተ ዘንድ በዚህ ትምህርት ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ?» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። መልስ የማይሰጥ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷል።

ሌላም አለ። የግል ተቋም ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃዱ የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ትምህርትና ለእያንዳንዱ ካምፓስ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሒሳብ አያያዝ የተፈቀደለት ኮሌጅ በሌላ ከተማ በጤና ትምህርት ተፈቅዶለታል ማለት አይደለም። የትኛው ትምህርት፣ በየትኛው ካምፓስ፣ እስከ መቼ የሚለውን በጽሑፍ አሳዩኝ ይበሉ። የጤና ትምህርት የሚመርጥ ደግሞ ከተመረቀ በኋላ የሙያ ፈቃድ ለማግኘት ከ2011 ዓ.ም ጀምሮ የተዘረጋ የብቃት ምዘና እንዳለ ይወቅ። ኬላ መኖሩ አያስፈራን፤ ሳናውቀው መድረሳችን ነው የሚጎዳን።

አራተኛው ጥያቄ፦ የሚገኘው ገቢ ሐላል ነው?

አንዳንድ ወጣቶች «አካውንቲንግ ብማር መጨረሻዬ ወለድ መጻፍ ነው» ብለው ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸው የኢማን ምልክት ነው። ይሁንና ሒሳብ ማወቅ ራሱ ሐራም አይደለም፤ የሚታየው የሚሠሩበት ሥራ ነው። በአገራችን በ2013 ዓ.ም ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሂጅራና ራሚስ ባንኮችም ተከትለዋል። እነዚህ ተቋማት ፋይናንስንም የሸሪዓን የንግድ ሕግጋትም የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ሁለቱን አንድ ላይ የያዘ ወጣት ደግሞ ብዙ አይደለም። ከባንክ ውጭም ነጋዴው፣ ማኅበሩ፣ ፋብሪካው ሁሉ ታማኝ ሒሳብ ያዥ ይሻል።

ታማኝነት ካልን ደግሞ ሁለት የቁርኣን ታሪኮችን እናስታውስ። ዩሱፍ (ዐ.ሰ) የምስርን ጎተራዎች ኃላፊነት ሲጠይቁ ያቀረቡት ማስረጃ ሁለት ነበር፤ ጠባቂነታቸውና ዐዋቂነታቸው። በመድየን የሽማግሌው ልጅ ሙሳን (ዐ.ሰ) አባቷ እንዲቀጥሯቸው ስትመክርም የጠቀሰችው ብርታታቸውንና ታማኝነታቸውን ነው። በሁለቱም ቦታ ችሎታና አማና አብረው ተጠሩ። ልጆቻችን በተኮረጀ ውጤት፣ በተገዛ የመመረቂያ ጽሑፍ ቢወጡ ሁለቱንም አጥተው ወጡ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት በመውጫ ፈተናው ባይያዝ፣ ሥራ ላይ ይያዛል።

ውድ አድማጮች፣ አሁን ወደ ሦስተኛዋ ልጅ እንምጣ። ደብዳቤው ስለ እርሷ የሚለው ጥቂት ነው። «ወድቃለች» ይላል። ቀጥሎም «ከብት ሲታመም ግን የምታስታምመው እርሷ ናት» ይላል። ወንድማችን፣ ይህን ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር እንደ ዋዛ ነው የጻፉት፤ ለእኛ ግን ከደብዳቤው ሁሉ ደስ ያሰኘን እርሱ ነው።

መጀመሪያ «ወድቃለች» የሚለውን እንተወው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም 8.4 በመቶ ነበሩ። በአገር ደረጃ ከመቶ ከዘጠና በላይ ያላለፉበትን ፈተና አላለፈችም ብለን ልጅቱን ዋጋ አናሳጣት፤ ወደ ዐረብ አገር ቤት ሠራተኝነትም እንደ ቅጣት አንግፋት።

የቴክኒክና ሙያ መንገድ አለ። እንደ አላጌ ያሉ የግብርና ሙያ ኮሌጆች በእንስሳት ጤና ባለሙያ ሲያወጡ ኖረዋል። በሆሳዕናም የሙያ ኮሌጅ አለ። የመግቢያ መስፈርቱ በየዓመቱ ስለሚወጣ የዘንድሮውን በአካል ሄዶ መጠየቅ ነው። በሙያ ትምህርት ደረጃ በደረጃ ይኬዳል፤ በእያንዳንዱም ደረጃ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ማለፍ ያስፈልጋል። ሠርቶ፣ ልምድ አግኝቶ ወደ ዲግሪ የሚቀጥልም አለ። ለሴት ልጅ ሙያ አይገባም የሚል ካለ፣ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሩፈይዳ የተባለች ሶሐቢያ ቁስለኞችን ስታክም ድንኳኗ በመስጂድ ውስጥ እንደነበረ ይወቅ።

የእጅ ሥራን የምንንቅ ካለንም እንመለስ። ዳውድ (ዐ.ሰ) ንጉሥ ሆነው ሳለ ከእጃቸው ሥራ ይበሉ ነበር። ዘከሪያ (ዐ.ሰ) አናጢ ነበሩ። እነዚህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡ ናቸው። ነቢያት ያላፈሩበትን ሙያ እኛ ልጆቻችንን ልናሳፍርበት አይገባም። ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ስንመለስ ዲግሪ ይዘው ኮብልስቶን ሲያነጥፉ የነበሩ ወጣቶችን ሰው ይስቅባቸው ነበር። የሳቀው ሰው ነው የተሳሳተው፤ እነርሱ ሐላል እየበሉ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንድረስ፤ ወደ በሬዎቹ። ደቡብ አፍሪካ ሄደው የተሳካላቸው የሐዲያና የከምባታ ልጆች አሉ። በሆሳዕና የተሠሩት ቤቶች ይመሰክራሉ፤ አንክድም። ግን የምናየው የደረሰውን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በተባለ ግዛት፣ በጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን መሆናቸው ተነገረ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም ማላዊ ውስጥ በምዚምባ ከ20 በላይ አስከሬን በአንድ ጉድጓድ ተገኘ። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ ዳርቻ የ27 ሰዎች አስከሬን መንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። እነዚህም ከኢትዮጵያ የሄዱ እንደሆኑ ታመነ። እያንዳንዳቸው አባት ነበራቸው፤ ምናልባትም የተሸጠ በሬ ነበራቸው። አላህ ይዘንላቸው። ነፍስን መጠበቅ ከሸሪዓ ዐበይት ዓላማዎች አንዱ ነውና፣ ልጅን እያወቅን ለእንዲህ ያለ ደላላ አሳልፈን አንስጥ። መውጣት ግድ ከሆነ በሕጋዊ መንገድ፣ ሙያ ይዞ መውጣት አለ። ሙያ የያዘ ሰው የትም ቢሄድ ሙያው አብሮት ይሄዳል።

ታላቁ ልጅስ? ማኔጅመንት ተምሮ ሦስት ዓመት ቤት የተቀመጠው? አባትየው ትምህርቱ ባከነ ብለው አዝነዋል። ልጁ የተማረው ሥራ ማደራጀት፣ ሒሳብ መያዝና ገበያ ማጥናት ነው። እነዚህን በቢሮ ብቻ ስለጠበቃቸው ነው ያላገኛቸው። ደላላው ሊወስድ ካሰበው ገንዘብ ውስጥ የአንዱን በሬ ዋጋ እንኳ ሳይሆን የግማሹን ወስደን እንነጋገር። ሸሪዓችን ሙዷረባ የሚባል የሽርክና ንግድ አለው፤ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ይሠራል፤ ትርፉን አስቀድመው በተስማሙበት ድርሻ ይከፋፈላሉ። ሠራተኛው ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣ ገንዘቡ ከባለ ገንዘቡ ይጎድላል፤ ሠራተኛው ልፋቱን ያጣል። አባትና ልጅም ቢሆኑ በጽሑፍ ይዋዋሉ። በርበሬን በንጹሕ አድርቆ፣ ለይቶ፣ መዝኖ እስከ ሐላባ ቁሊቶ ገበያ የሚያደርስ፣ የጎረቤትን ምርት አሰባስቦ የሚሸጥ፣ ደብተር የሚይዝ ወጣት ቢኖር ለአካባቢው ሁሉ ይጠቅማል። ትርፍ ይመጣል ብለን ዋስትና አንሰጥም። ቢከስር ግን የሚከስረው ገንዘብ ነው፤ ልጁ ማታ ቤቱ ይገባል።

ውድ ወላጆች፣ ለማጠቃለል። ስም አንምረጥ፤ ልጁ የሚችለውን፣ ሰው የሚፈልገውን፣ ኬላው የታወቀውን፣ ገቢው ሐላል የሆነውን እንምረጥ። ዓላማውንም አብረን እንተክል። «ተምሬ እበላለሁ» የሚል ልጅና «ተምሬ ከወገኖቼ ላይ አንድ ችግር አነሳለሁ፣ በዚያም እበላለሁ» የሚል ልጅ አንድ ክፍል ቢማሩም አንድ አይደሉም። ሁለተኛው ጥናቱም ዒባዳ ይሆንለታል።

ውሳኔው ላይ ስትደርሱ ሹራ አድርጉ፤ ልጁም ይናገር፣ እናትም ትናገር። ማንም በማንም ላይ አይጩህ። ከዚያ ልጁ ራሱ ሁለት ረከዓ ሰግዶ ኢስቲኻራ ያድርግ። ጃቢር (ረ.ዐ) እንደተናገሩት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢስቲኻራን ልክ የቁርኣንን ሱራ እንደሚያስተምሩ አድርገው፣ በሁሉም ጉዳይ እንዲያደርጉት ሶሐቦችን ያስተምሩ ነበር። ኢስቲኻራ ግን ማጣራትን አይተካም። አጣርቶ፣ ተመካክሮ፣ ወስኖ፣ ከዚያ ነገሩን ለአላህ መስጠት ነው።

የቦኖሻው ወንድማችን፣ በሬዎቹን አይሽጡ። የዚህን ዓመት እርሻዎን ይረሱበት። ለሁለተኛው ልጅ አንድ ወር የማጣሪያ ጊዜ ይስጡት። ልጅቱን ይዘው ኮሌጁ ድረስ ይሂዱ፤ እርስዎ አብረዋት ሲሄዱ «ወድቃለች» የተባለው ቃል ከልቧ ይወጣል። ከታላቁ ጋር ደግሞ አንድ ማታ ቁጭ ብለው ደብተር ይክፈቱ። የሆነውን ጽፈው ቢልኩልን ኢንሻአላህ ለአድማጮቻችን እናካፍላለን።

አላህ ልጆቻችንን ጠቃሚ ዕውቀት፣ ሐላል ሪዝቅና ተቀባይነት ያለው ሥራ ይስጣቸው። በየመንገዱ የቀሩትን ይማርልን፤ ለወላጆቻቸውም ሶብር ይስጥልን። አሚን።